የፋራንጉ ቤትና የአማቱ ድምፅ

ታይላንድ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ገበያ መካከል የሰማሁት አንድ ቃል ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። አንዲት ነጋዴ ወደ አንድ ረዥም ነጭ ሽማግሌ በአገጯ እያመለከተች ለጎረቤቷ «ፋራንግ» አለቻት። ጆሮዬ የሰማው «ፈረንጅ» ነበር፤ አልተሳሳተም። ሁለቱም ቃላት ፍራንክ ከሚባለው ከጥንቱ የአውሮፓ ሕዝብ ስም የወጡ ናቸው፤ በዐረብና በፋርስ ነጋዴዎች አፍ ተሻግረው አንዱ ወደ እኛ ደጋ፣ ሌላው ወደ ሲያም (የታይላንድ የቀድሞ ስሟ ነው) ወንዞች ደረሰ። እኔን ግን ማንም ፋራንግ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ቃሉ እንደ እኛው ሁሉ የነጭ ሰው መጠሪያ ነው። ስለዚህ እንደ እነርሱ ባዕድ ብሆንም፣ ከፋራንጎቹ ትንሽ ራቅ ብዬ እነርሱንም አስተናጋጆቻቸውንም የማይበት ቦታ ነበረኝ።

በታይላንድ የሚኖሩ ባዕዳን ሲሰባሰቡ ጨዋታቸው ሁለት ነው። አንደኛው ቤት ነው። ቤት ሲነሣ ሁሉም ባለሙያ ይሆናል፤ የምሰሶው ውፍረት፣ የብሎኬቱ ዓይነት፣ ምስጡ፣ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ የተሰወረው ተቋራጭ፣ በመሬቱ ካርታ ላይ የታተመው የጋሩዳ፣ የአገሪቱ ዓርማ የሆነው የተረት ወፍ፣ ምስል ቀይ ነው ወይስ አረንጓዴ የሚለው ክርክር እኩለ ሌሊት ያስመታል። (ቀዩ ሙሉ ባለቤትነት ያለው «ቻኖት» ነው፤ አረንጓዴው በአንድ ደረጃ ያንሳል።) ሁለተኛው ፖለቲካ ነው። እዚህ ላይ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ «እኛ እንግዶች ነን፣ አይመለከተንም» ይባላል። ወዲያው ግን አይመለከተንም በተባለው ጉዳይ ላይ የከረረ ፍርድ ይሰጣል፦ ገበሬው ድምፁን ይሸጣል፤ ይህ ሕዝብ ለዴሞክራሲ አልደረሰም፤ ወታደር ሲይዘው ቢያንስ ጸጥታ አለ።

ይህ አነጋገር ለዓመታት ሲያሳዝነኝ ኖሯል። የሚያሳዝነኝ ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ብዙዎቹ ሚስቶቻቸውን የሚወዱ፣ የአማቶቻቸውን ሕክምና የሚከፍሉ ደጎች ናቸው። የሚያሳዝነኝ ቤት የሠራ ሰው ፖለቲካ ውስጥ አልገባሁም ማለቱ ነው። በሌላ ሰው አገር መሬት ቆፍሮ መሠረት ያወጣ ሰው ገብቷል። የቀረው ጥያቄ ከማን ጋር ተነጋግሮ ገባ የሚለው ብቻ ነው።

ወደዚያ አገር የሄድኩት በ2012 (ዓመቶቹንና ቀኖቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሕንፃ ምህንድስና ለመማር ነበር። የምማርበት ግቢ ከባንኮክ በስተሰሜን፣ ፓቱም ታኒ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት የ2011ዱ ታላቅ ጎርፍ አካባቢውን ከሰው ቁመት በላይ አስጥሞት ስለነበር፣ ውኃው የቆመበት ቡናማ መስመር ገና ከግድግዳዎቹ አልጠፋም ነበር። ያ መስመር ከመምህራኖቼ ሁሉ በፊት አስተማረኝ። በዚያ ጎርፍ መንግሥት መካከለኛውን ባንኮክ ለማዳን ግዙፍ የአሸዋ ከረጢቶችን ደርድሮ ግድብ አቆመ። ከግድቡ ውጭ የቀሩት የፓቱም ታኒና የኖንታቡሪ ነዋሪዎች በገማ ውኃ ውስጥ ሳምንታትን ቆዩ፤ በአንዳንድ ቦታ ትዕግሥታቸው አልቆ ግድቡን በእጃቸው አፈረሱት። ማን ይረጥባል፣ ማን ይደርቃል የሚለውን የሚወስነው ተፈጥሮ ብቻ አለመሆኑን ያየሁት ያኔ ነው።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ በእረፍት ወደ ትውልድ መንደሩ ወሰደኝ። መንደሩ ኢሳን በሚባለው ሰሜን ምሥራቃዊ የአገሪቱ ክፍል፣ ኡዶን ታኒ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። ሕዝቡ ከመካከለኛው ታይኛ ይልቅ ወደ ላኦስኛ የሚቀርብ ቋንቋ የሚናገር፣ ሩዝ አብቃይ፣ ልጆቹን ለባንኮክ ፋብሪካና ለግንባታ ሥራ የሚገብር ሕዝብ ነው። የጓደኛዬ አክስት ከሰሜን አውሮፓ የመጣ ጡረተኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አግብታ ነበር። በዚያ አካባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለውን ባል «ኮይ ፋራንግ»፣ የፈረንጅ አማች ይሉታል። ጥሎሹን ሰጥቷል፤ እነርሱ «ሲን ሶት» ይሉታል፤ ሠርጉም በመነኮሳት ቡራኬ ተደርጓል። አሁን ቤት እየሠራ ነበርና የምህንድስና ተማሪ መጣ ሲሉት መሠረቱን እንዳይለት ለመነኝ።

መሠረቱ ጥሩ ነበር። ችግሩ የነበረው ከመሠረቱ በታች ነው። ሰውዬው የ2011ዱን ጎርፍ በቴሌቪዥን አይቶ ስለነበር ቦታውን በአንድ ሜትር ተኩል የሙሌት አፈር ከፍ አድርጎታል። የጭነት መኪናዎቹ ለቀናት ተመላልሰዋል፤ እርሱም እንደ አስተዋይ ሰው አፈሩ እንዲረጋ አንድ ክረምት ጠብቋል። ቦታው ግን ከጥንት ጀምሮ የዝናቡ ውኃ ከመንገዱ ወደ ሩዝ ማሳዎቹ ተንሸራቶ የሚያልፍበት ዝቅታ ነበር። በዚያ ክረምት ውኃው መንገዱን ሲያጣ በስተቀኝ ባለችው መበለት ማሳ ላይ ተኛ። ሩዝ ውኃ ይወዳል ቢባልም ችግኙ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥም ይበሰብሳል።

ማንም ምንም አላለውም። ታይላንዳውያን «ክሬንግ ጃይ» የሚሉት ስሜት አለ፤ ፈረንጆቹ ለመተርጎም ብዙ ይደክማሉ፤ እኛ ግን በአንድ ቃል እናውቀዋለን፣ ይሉኝታ ነው። መበለቲቱ ይሉኝታ ያዛት። የመንደሩ ሹም መጥቶ ለግማሽ ሰዓት ስለ ዓሣና ስለ ሙቀቱ አወራና ሄደ፤ በዚያ አገር ይህ ብርቱ አቤቱታ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ግን ጉብኝቱን እንደ ወዳጅነት፣ ዝምታውንም እንደ ስምምነት ወሰደው። ነገሩን የሰማው ከእኔ ነው፤ እኔም ከጓደኛዬ፣ ጓደኛዬም ከእናቱ። ሲሰማ ፊቱ ቀላ። በማግስቱ ከሙሌቱ ሥር ሰፊ የሲሚንቶ ቱቦ እንዲቀበር ተስማማ። ያ የሙሌት አፈር የሰውዬው የመጀመሪያ የፖለቲካ ሥራ ነበር እላለሁ። የአሸዋ ከረጢቱ ግድብ ለባንኮክ ያደረገውን እርሱ ለግቢው አድርጎታል።

ለምን አልሰማም? መልሱ በቤቱ ንድፍ ውስጥ ነበር። የጥንቱ የኢሳን ቤት በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ የሚሠራ ሲሆን ከሥሩ «ታይ ቱን» የሚባል ክፍት ቦታ አለው። ጎርፍ ሲመጣ ውኃው በዚያ ያልፋል፤ በበጋ ደግሞ ጥላ ነው። ሽመናው እዚያ ነው፤ ሕፃኑ በመረብ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘው እዚያ ነው፤ ጎሹና ሞተር ብስክሌቱም እዚያ ያድራሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎረቤት ሳይጠራ ጎራ የሚልበት፣ ስለ ሩዝ ዋጋ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ምርጫ የሚወራበት ሸንጎ ነው። ፋራንጉ ቤቱን ሲሠራ ይህንን ቦታ ሰርዞ ወለሉን በአርማታ ሞላ፤ ዙሪያውን ሁለት ሜትር በሚሆን አጥር ከለለ፤ የብረት በር አቆመ። በአገሩ ልማድ ይህ ደንበኛ ግቢ ነው፤ ማንንም ለመበደል አላሰበም። ከዚያ በኋላ ግን «እነዚህ ሰዎች ፖለቲካ አያወሩም» ሲል ሰማሁት። ያወራሉ፤ የሚያወሩበትን ቦታ አንተ ዘግተኸዋል አልኩት።

አሁን ወደ መሬቱ ሕግ ልምጣ፤ የባዕዳኑ ዋና ቅሬታ ይህ ነውና። በታይላንድ የውጭ ዜጋ በመርሕ ደረጃ መሬት መግዛት አይችልም። የጋራ ሕንፃ ውስጥ አፓርታማ መግዛት ይችላል፤ ባዕዳን በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሊይዙ የሚችሉት ግን እስከ 49 በመቶ ብቻ ነው። መሬት በሊዝ መያዝ ይችላል፤ የመኖሪያ ሊዝ ጣሪያው 30 ዓመት ነው። በሚስቱ ስም ሲገዛ ሁለቱም መሬት ቢሮ ቀርበው ገንዘቡ የእርሷ የግል ሀብት መሆኑን በፊርማቸው ያረጋግጣሉ፤ ማለትም ባል ገንዘቡ የእኔ አይደለም ብሎ ይፈርማል። ሚስት ብትሞትና ቢወርሳት እንኳ መሬቱን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ማስተላለፍ ይጠበቅበታል። ከሁሉ የሚሻለው መጠለያ «ሲቲ ኬፕ ኪን» የሚባለው መብት ነው፤ ቃል በቃል ሰብስቦ የመብላት መብት ማለት ነው። በካርታው ጀርባ ከተመዘገበለት ዕድሜ ልኩን ይኖርበታል፣ ፍሬውን ይበላል፤ ርስቱ ግን የእርሱ አይሆንም። ግንበኝነትና አናጺነት ደግሞ ለዜጎች ብቻ ተብለው በተከለሉት ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የቆዩ ሥራዎች ስለሆኑ፣ በገዛ ቤቱ ጡብ ሲደረድር የታየ ባዕድ እንኳ ሥጋት አለበት።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይህንን ሁሉ «ዘረፋ» ይለው ነበር። «አገሬ ሚስቴ ነገ ሄዳ ቤት ልትገዛ ትችላለች፤ እኔ ግን እዚህ ዕድሜዬን ያጠራቀምኩትን አፍስሼ ተከራይ ነኝ» ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ሕጉ በእርሱ ላይ በቅናት የወጣ አይደለም። በ1855 የብሪታንያው መልእክተኛ ሰር ጆን ቦውሪንግ ከሲያም ጋር በተፈራረመው ውል የብሪታንያ ተገዢዎች በሲያም ፍርድ ቤት የማይዳኙ ሆኑ፤ መሬትና ቤት የመግዛት መብትም ውሉ ራሱ በወሰነው ርቀት ልክ ተፈቀደላቸው። ሌሎች ኃያላን ተመሳሳዩን ተከታትለው ጠየቁ። ሲያም ከዚህ ዓይነት ውል ሙሉ በሙሉ የተላቀቀችው እስከ 1930ዎቹ መጨረሻ ድረስ ታግላ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1908 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል ለባዕዳን በእኛ አገር የተለየ ዳኝነት ሰጥቶ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው የታይላንዳውያንን ጥንቃቄ ለመረዳት አይቸገርም። እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ በቅኝ ግዛት ያልተያዘች አገር ናትና፣ የቀረላትን አጥብቃ ብትይዝ አያስደንቅም።

ይልቅ እኔን የሚያስቆጣኝ ፋራንጎቹ የማያነሡት ሌላ ነገር ነው። ከ1999 በፊት በነበረው አሠራር ታይላንዳዊት ሴት የውጭ ዜጋ ስታገባ በገዛ አገሯ መሬት በስሟ ማስመዝገብ ትከለከል ነበር። ብዙዎች ጋብቻቸውን እየደበቁ በአባታቸው ቤት ስም መሬት ገዝተዋል። ስለ ሕጉ ጭካኔ ስንነጋገር በመጀመሪያ መነሣት ያለበት የእነዚህ ሴቶች ነገር ነበር፤ በሰማኋቸው ወግ ሁሉ ግን አንድም ሰው አላነሣውም።

ሕጉን ለማላላት በተሞከረ ቁጥር አገሩ ይናወጣል። በጥቅምት 2022 የጄኔራል ፕራዩት መንግሥት 40 ሚሊዮን ባት ኢንቨስት ያደረገ ባዕድ አንድ ራይ መሬት፣ ማለትም 1,600 ካሬ ሜትር፣ ለመኖሪያ እንዲገዛ የሚፈቅደውን ደንብ ሊያቃልል ተነሣ፤ «ኻይ ቻት»፣ አገር መሸጥ ነው የሚል ቁጣ ሲነሣ በሳምንታት ውስጥ አነሣው። በ2024 የስሬታ ታቪሲን መንግሥት የሊዙን ዘመን ወደ 99 ዓመት፣ የአፓርታማውን ድርሻ ወደ 75 በመቶ ስለማሳደግ ጥናት ባዘዘ ጊዜም ያው ቃል ተሰማ። በዚያው ዓመት በፑኬት ደሴት ከአንድ ባለ ገንዘብ ባዕድ መኖሪያ ፊት ለፊት ባለ ደረጃ ላይ የተቀመጠች ታይላንዳዊት ሐኪም ነዋሪው በእግሩ መታኝ ብላ ስትከስስ፣ ሰዉ ወደ ባሕር ዳርቻው ወጣ። ሲጣራ ደረጃው በሕዝብ መሬት ላይ የተሠራ ሆኖ ተገኘና ፈረሰ። ሰዉ ከጠቡ ባላነሰ የጮኸው ስለዚያ ደረጃ ነበር።

እኔ ይህ ጩኸት ከመንደርተኛው አፍ ሲወጣ እውነት ነው እላለሁ። ከአንዳንድ ሌሎች አፎች ሲወጣ ግን አላምነውም። በታይላንድ መሬት በጥቂት እጆች ተከማችቷል፤ እጆቹም የታይላንዳውያን ናቸው። ከ2020 ጀምሮ አዲሱ የመሬትና የሕንፃ ግብር ሥራ ላይ ሲውል፣ በባንኮክ እምብርት ባዶውን የተቀመጠ እጅግ ውድ መሬት ድንገት የሎሚና የሙዝ እርሻ ሆነ፤ የእርሻ መሬት ግብር ዝቅተኛ ነውና። ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች መካከል በመስመር የቆሙትን የሎሚ ችግኞች በዓይኔ አይቻለሁ። የመበለቲቱን ልጅ ከኡዶን ታኒ ወደ ባንኮክ የግንባታ መጠለያ ያሰደደው የእኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይደለም፤ የእነዚያ ሎሚዎች ባለቤትና የእርሱ ዓይነት ናቸው። ፋራንጉ ይህንን ቢያውቅ «ሕጉ እኔን ጠላ» ከማለት ይልቅ ከጎረቤቶቹ ጋር የሚጋራው ቅሬታ እንዳለ ይረዳ ነበር።

ግንቦት 22 ቀን 2014 ወታደሩ ሥልጣን ሲይዝ እኔ ፓቱም ታኒ ነበርኩ። ሰዓት እላፊ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ታወጀ። ከዚያ ቀደም ባንኮክ ውስጥ ለወራት በተካሄደው ተቃውሞ መንገዶች ተዘግተው ቆይተዋልና፣ የማውቃቸው አብዛኞቹ ባዕዳን እፎይ አሉ። ሰዓት እላፊው መጀመሪያ የተነሣው የት እንደሆነ አስታውሱ፦ ፓታያ፣ ሳሙይ ደሴት፣ ፑኬት። ባዕዳኑ የሚዝናኑባቸው ቦታዎች ከአገሩ ሰው በፊት ሌሊታቸው ተመለሰላቸው። ጸጥታ አለ የሚለው ፍርድ የተሰጠው ከዚያ ሆኖ ነው።

ኡዶን ታኒ ግን ሌላ ነበር። በዚያ ክፍለ ሀገር ብዙ መንደሮች ከ2010 እና 2011 ጀምሮ በመግቢያቸው ላይ «ቀይ ሸሚዝ መንደር» የሚል ምልክት ሰቅለው ነበር፤ ቀይ ሸሚዞች የሚባሉት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የታክሲን ሺናዋትራ ደጋፊዎች ናቸው። በ2010 በባንኮክ የቀይ ሸሚዝ ሰልፈኞች ተቃውሞ በወታደር ሲበተን ከ90 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ ምልክቶቹ ወረዱ፤ መሪዎቹ ለ«ንግግር» ወደ ጦር ሰፈር ተጠሩ። ወዳጄ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በስልክ «ሁሉ ሰላም ነው፣ መንደሩ ጸጥ ብሏል» አለኝ። ጸጥ ያለው ግን አማቱ ከጎረቤት ጋር ማውራት ስለፈራች ነበር። በታይ ቱን ሥር ያለው ወሬ ሲቆም እርሱ ከአጥሩ ውስጥ የሰማው ጸጥታ ነው።

ድምፃቸውን ይሸጣሉ የሚለው ነገርም የሚያመኝ እዚህ ላይ ነው። በምርጫ ሰሞን ገንዘብ በመንደሩ እንደሚዞር እኔም አልክድም፤ አማቱም አትክድም። ከሁሉም ወገን እንደምትቀበል ነግራኛለች። ለማን እንደምትመርጥ የሚወስንላት ግን ሌላ ነው። በ2001 ታክሲን ሺናዋትራ ሥልጣን ሲይዝ በ30 ባት የሚያሳክም ሥርዓት መጣ፤ ለየመንደሩም አንድ ሚሊዮን ባት የብድር ፈንድ ተሰጠ። ባሏ ከዚያ በፊት ታሞ ጎሽ ሸጠው እንዳሳከሙት፣ ከዚያ በኋላ እርሷ ታማ 30 ባት ከፍላ እንደወጣች በጣቶቿ እየቆጠረች አስረዳችኝ። ታክሲን ሙስና አልነካውም ወይ ብላችሁ ብትጠይቋት ትስቃለች፤ ሁሉም ይበላል፣ ይህ ግን አካፈለን ትላለች። በኋላ በእህቱ በዪንግላክ ዘመን መንግሥት ሩዟን የገዛበት ገንዘብ ሳይከፈላት ወራት ቆየ፤ የከፈላት ወታደሩ ነበር። ወታደሩን ግን አልመረጠችም። ይህች ሴት ከአማቿ የበለጠ ተጠንቅቃ ፖለቲካን መዝናለች። «ለዴሞክራሲ አልደረሱም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ፋራንጎቹ ያገኙት ደግሞ ከራሳቸው አይደለም፤ በ2013 እና 2014 ከምርጫ በፊት ለውጥ ይቅደም ሲሉ ከነበሩት የባንኮክ ባለ ጸጎች አፍ የተዋሱት ነው። በኢሳን ምድር ቤት ሠርቶ፣ በኢሳን ሰው እጅ እየበላ፣ ስለ ኢሳን ሰው ባንኮክ የምትለውን መድገም ከሁሉ የከፋ እንግድነት ነው።

ባዕዳኑ ሰልፍ ይውጡ አላልኩም። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ አይመርጡም፣ የፓርቲ አባል አይሆኑም። የንጉሣዊውን ቤተሰብ ክብር የሚመለከተው አንቀጽ 112 ለአንድ ክስ ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፤ ለባዕድ ምሕረት የለውም። በ2025 በአንድ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ አሜሪካዊ ምሁር በዚሁ አንቀጽ ተይዞ፣ ክሱ ቢቀርም አገሩን ለቅቆ ወጥቷል። የመኖሪያ ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ በየ90 ቀኑ አድራሻ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ቤት ያሳደረ ሰው ደግሞ ያሳደረው ባዕድ መኖሩን በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ስላለበት፣ ሚስት የገዛ ባሏን ለኢሚግሬሽን ታስመዘግባለች። በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ አፍን መቆጠብ ነውር አይደለም። ነገር ግን በአደባባይ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ በግቢ ውስጥ የአማትን ድምፅ መናቅ ሌላ ነው። ሁለተኛውን ማንም ሕግ አላስገደደም።

መጋቢት 28 ቀን 2025 በሚያንማር፣ በማንዳላይ አቅራቢያ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው ባንኮክ በመሠራት ላይ የነበረን ባለ 30 ፎቅ ሕንፃ በሰከንዶች ውስጥ አፈረሰ። ሕንፃው የመንግሥትን ወጪ የሚመረምረው የኦዲት መሥሪያ ቤት አዲስ ዋና ጽሕፈት ቤት ነበር። በከተማው ያሉ ሌሎች ረጃጅም ሕንፃዎች ሲቆሙ እርሱ ብቻ ሙሉ በሙሉ ተናደ። ከፍርስራሹ ውስጥ ከተወሰዱት የፌሮ ናሙናዎች አንዳንዶቹ ከደረጃ በታች መሆናቸውን የኢንዱስትሪ ባለሥልጣናት ተናገሩ። በፍርስራሹ ሥር ከቀሩት መካከል የሚያንማር ስደተኞችና የኢሳን ልጆች ነበሩ። ዜናውን ስሰማ በቀጥታ ወደ ኡዶን ታኒ ደወልኩ። ከዚያ መንደር የሞተ አልነበረም። ወዳጄ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ብሎኬትና ስለ ሲሚንቶ ሳይሆን ውሉን ማን ሰጠ፣ ማን ተቆጣጠረ፣ ማን ይጠየቃል እያለ አወራኝ። ቤትና ፖለቲካ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ ከአፉ ሰማሁ።

ይህንን ለእኛ አገር አንባቢ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ታይላንድ ለባዕድ ነዋሪ የምትሰጠው የቤት መዝገብ ቢጫ ነው፤ የዜጋው ሰማያዊ ነው። እኛም በትውልድ ኢትዮጵያዊ ሆኖ የሌላ አገር ዜግነት ለያዘ ወገናችን የምንሰጠው ቢጫ ካርድ አለን፤ ቤት ያሠራዋል፣ ምርጫ ግን አያስገባውም። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ደግሞ በእኛ አቆጣጠር፣ ፓርላማችን የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የሚሆኑበትን አዋጅ አጽድቋል። ከእንግዲህ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቢሾፍቱና በሐዋሳ ሐይቅ ዙሪያ ቤት የሚሠሩ ባዕዳን ይመጣሉ፤ ከዋሽንግተንና ከስቶክሆልም የሚመለሱ የራሳችን ሰዎችም ከወዲሁ እየሠሩ ነው። አዋጁን አልቃወምም። አጥራቸው ምን ያህል እንደሚረዝም፣ የሙሌት አፈራቸው የማንን ውኃ እንደሚገፋ፣ ከጎናቸው ያለችው አሮጊት ስለ ምርጫ የምትለውን የሚሰሙበት ደጃፍ ይኖራቸው እንደሆነ ግን አሁኑኑ ልንጠይቅ ይገባል። የውል ወረቀቱ ይህንን አይነግረንም፤ የከተማ ፕላንና የቀበሌ ሸንጎ ሊነግረን ይችል ነበር፣ ቦታ ከሰጠነው።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዛሬም የመሬት ሕጉን ይረግማል። ካርታው በሚስቱ ስም ነው፤ ሰብስቦ የመብላት መብቱ ተመዝግቦለታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ከመበለቲቱ ማሳ ጋር የሚያዋስነውን አጥር በአራት ሜትር ርዝመት አፍርሶ በቦታው «ሳላ» የሚሉትን፣ ጣሪያ ብቻ ያለው መቀመጫ ሠራ። ንድፉን የላክሁለት እኔ ነኝ፤ አራት ምሰሶ፣ ቆርቆሮ፣ ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ያለ የእንጨት ወለል። አማቱ ሽመናዋን ወደዚያ አወረደች። መበለቲቱም ከማሳዋ ስትመለስ እዚያ ታርፋለች።

በግንቦት 14 ቀን 2023 ምርጫ ሁሉንም በፒክአፕ መኪናው ጭኖ ወደ ምርጫ ጣቢያው ወሰዳቸው። ያ ምርጫ ሙቭ ፎርዋርድ የተባለው ወጣት ፓርቲ 151 መቀመጫ አግኝቶ አንደኛ የወጣበት፣ መሪው ፒታ ሊምጃሮንራት ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን የሚያስፈልገውን አብላጫ ሳይሞላ 324 ድምፅ ብቻ አግኝቶ በሹመት በተቀመጡ ሴናተሮች የታገደበት፣ በዓመቱም ፓርቲው በፍርድ ቤት የፈረሰበት ምርጫ ነው። ያን ዕለት ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም። ወዳጄ ከጣቢያው ውጭ ከአንድ ዛፍ ሥር ቆሞ ጠበቃቸው። አማቱ ስትወጣ ለማን እንደመረጠች ጠየቃት። ለሃያ ዓመት ለአንድ ወገን ስትመርጥ የኖረች ሴት ናት፤ የልጅ ልጆቿ ግን ለአዲሱ ፓርቲ ሲሟገቷት በሳላው ላይ ሲሰማ ሰንብቷል። ክንዱን መታ መታ አድርጋ «ሙቀቱ በረታ፣ እንሂድ» አለችው።